አጭር በርሜል የሚወደው ችኩል ባሩድ ነው?

ይህን ሁሉ ያመጣው መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ለቅሶ ድንኳን ጥግ የተነሳ ወሬ ነው። በዕድሜ የገፉ አንድ የቀድሞ ወታደር በርሜሉ ተቆርጦ ስላጠረ ጠመንጃ ያወጉ ነበር። ሲተኮስ እንዴት እንደሚያጓራ፣ በምሽት ከአፈሙዙ የሚወጣው ነበልባል ክንድ እንደሚያህል ነገሩንና ምክንያቱን እንዲህ ብለው ቋጩት፦ «ልጄ፣ ባሩዱ ለረጅም በርሜል ነው የተሰፈረው። መንገዱ ሲያጥርበት ሳይነድ ይወጣል። ለአጭሩ ችኩል ባሩድ ነበር የሚበጀው።» እኔም «ልክ ነዎት ጋሼ» አልኩ።

ያቺ «ልክ ነዎት» ከነከነችኝ። አባባሉ የእሳቸው ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የጠመንጃ ጥይት በሚጎርስ ሽጉጥ ዒላማ የሚተኩሱ፣ የተተኮሰ ቀለህ ሰብስበው መልሰው በእጃቸው የሚሞሉ ሰዎችም ይህንኑ ይላሉ፦ አጭር በርሜል፣ ፈጣን ባሩድ። ነገሩ ሲሰሙት አእምሮ ላይ ይቀመጣል፤ ግማሹም እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሲመረመር አይቆምም፤ ባሩድ የሚመርጥ ሰው ደግሞ ተሳስቶ የሚጎዳው በዚያኛው ግማሽ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። በአገራችን ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በሕግ የተከለከለ ነው። እዚህ የምጽፈው ሥራው ሕጋዊ በሆነበት አገር ስለሚደረገው ምርጫና ከምርጫው በስተጀርባ ስላለው ምክንያት ነው። የባሩድ መጠንም አልሰጥም። መጠን የሚወሰደው የባሩዱ አምራች ሞክሮና ለክቶ ካሳተመው ሰንጠረዥ ብቻ ነው።

ግፊቱ የሚከመርበት ቦታ

ሁሉም ነገር የሚዞርበት ነጥብ ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ።

ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነው ሥዕል እንዲህ ነው፦ ባሩዱ ከቀለሁ ጀምሮ እስከ አፈሙዙ አረሩን እየተከተለ ይነድዳል፣ በርሜሉ በረዘመ ቁጥር ብዙ ባሩድ ይነድዳል፣ ሲያጥር ያልነደደው ይባክናል። ሥዕሉ ትክክል ቢሆን ኖሮ የጋሼ መደምደሚያ አያከራክርም ነበር።

በመለኪያ የሚታየው ግን ሌላ ነው። በቀለሁ ግርጌ ያለችው መለኮሻ እሳት ከሰጠችበት ቅጽበት ጀምሮ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ጫፍ የሚደርሰው አረሩ ገና ከቀለሁ አንገት ወጥቶ ጥቂት ሳንቲ ሜትር እንደሄደ ነው። እንደ ጥይቱ ዓይነት ከ2 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። በዚያች ሰዓት ለጥይቱ በሚስማማ ባሩድ ከተሞላው ከግማሽ በላይ ነድዷል፤ የቀረውም አብዛኛው ጫፉ ካለፈ ብዙም ሳይርቅ ይነድዳል። ከዚያ በኋላ በርሜሉ ውስጥ የሚሠራው በዋናነት እሳት ሳይሆን የታመቀ ጋዝ ነው፤ እየሰፋ ይገፋል፣ እየገፋ ይበርዳል።

እንግዲህ 25 ሳንቲ ሜትር በርሜል ያለው ሽጉጥ እናስብ። ግፊቱ ጫፍ ሲደርስ አረሩ ገና የመንገዱ መጀመሪያ ላይ ነው። በርሜሉ ተቆረጠም አልተቆረጠ ያ የመጀመሪያው ጉዞ አንድ ነው። ባሩዱ ከፊቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደቀረው አያውቅም፤ የሚያውቀው ያለበትን ጎድጓዳ ስፋት፣ የአረሩን ክብደትና በዙሪያው ያለውን ግፊት ብቻ ነው።

እኔን የመለሰኝ ይሄ ነጥብ ነው። ባሩድን «ችኩል» ወይም «ዝግተኛ» ስንል ቋሚ ጠባይ ይመስለናል። ባሩድ ግን ግፊት ሲበዛበት ይፈጥናል፣ ሲያንስበት ያዘግማል። ያው አንድ ባሩድ በሰፊ ቀለህና በቀላል አረር ሥር እንደ እርጥብ ኩበት ይጤሳል፤ በጠባብ ቀለህና በከባድ አረር ሥር ደግሞ እንደ ጭድ ቦግ ይላል። ፍጥነቱን የሚወስኑት ቀለሁና አረሩ ናቸው፤ የበርሜሉ ርዝመት በዚህ ላይ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል

ሁለት ባሩድ እናወዳድር፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለህ ውስጥ፣ አንድ ዓይነት አረር ይዘው፣ እኩል የግፊት ጫፍ እንዲደርሱ ተሰፍረዋል። የግፊት ጣሪያው የጠመንጃው ብረት የሚችለው ስለሆነ ማንም ሊያልፈው አይገባም። ፈጣኑ ጣሪያው ላይ በትንሽ ባሩድ ይደርስና ቶሎ ይወድቃል። ዘገምተኛው እዚያው ጣሪያ ላይ ለመድረስ ብዙ ባሩድ ይጠይቃል፤ ብዙ ባሩድ ማለት ብዙ ጋዝ ነው፣ ብዙ ጋዝ ደግሞ ጫፉን ካለፈ በኋላ ቶሎ አይደክምም። አረሩ የሚያገኘው ፍጥነት ከጫፉ ቁመት ብቻ ሳይሆን ከጫፉ በኋላ ግፊቱ ስንት ርቀት ድረስ ጠንክሮ ከመቆየቱ ይመጣል።

ስለዚህ በረጅም በርሜል ከፍተኛ ፍጥነት የሰጠው ባሩድ አብዛኛውን ጊዜ በአጭሩም ከፍተኛውን ይሰጣል። በርሜሉ ሲያጥር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል እንጂ ቦታ አይለዋወጡም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ለየት የሚለው በርሜሉ እጅግ አጥሮ ቀለሁ ትልቅ የሆነ እንደሆነ ነው፤ እዚያ ላይ በጣም ዘገምተኛው ባሩድ በእርግጥ ሳይጨርስ ይወጣል።

ታዲያ ግማሹ እውነት የቱ ነው? ዘገምተኛው ባሩድ የሰጠው ተጨማሪ ፍጥነት በአጭር በርሜል ላይ ዋጋው ይንራል። አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ከኋላው ያለው ጋዝ ገና ብዙ ግፊት ስላለው ጩኸቱ ጆሮ ይሰነጥቃል፣ ነበልባሉ ዓይን ያጠፋል፣ እጅ ላይም ይበረታል። የእጁን ምት በቁጥር ላሳይ። 3.6 ግራም አረር በሰከንድ 760 ሜትር ቢወጣ፣ ከኋላው ደግሞ 1.6 ግራም የባሩድ ጋዝ በሰከንድ 1200 ሜትር ገደማ ቢተፋ፣ ወደ ኋላ ከሚመጣው ምት 40 በመቶ ያህሉ የጋዙ ነው። ባሩዱ ሲቀንስ ምቱ እንዴት እንደሚቀንስ ከዚህ ይታያል። ትንሽ ፈጠን ያለ ባሩድ ጥቂት ፍጥነት ያስቀርና ጩኸቱን፣ እሳቱንና ምቱን ያበርዳል። በሁለት እጅ ብቻ ለሚያዝ መሣሪያ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ተኳሽ የፍጥነት ጭማሪ አይጠቅመውም።

ነበልባሉን በተመለከተ አንድ እርማት። ከአፈሙዝ የሚወጣው ትልቁ እሳት ያልነደደ ባሩድ ነው የሚባለው በአብዛኛው ስህተት ነው። ባሩድ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን አለ፤ ሁለቱም ገና ነዳጅ ናቸው። በርሜሉ ውስጥ ኦክስጅን ስላላገኙ ይታፈናሉ፣ ትኩስ እንደሆኑ ወደ ውጭ ወጥተው ከአየር ሲገናኙ እንደገና ይቀጣጠላሉ። በርሜሉ ባጠረ ቁጥር ጋዙ ሳይበርድ ስለሚወጣ ዳግም መቀጣጠሉ ይቀለዋል። አንዳንድ ባሩድ ውስጥ የፖታስየም ጨው የሚጨመረው ይህንን ለማፈን ነው። ያልነደደች ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ተበትና ብትገኝም ባሩዱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ቀለሁን የቆረጡት

ነገሩን ከማንም በላይ ያስረዳኝ ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ኤክስፒ-100 የተባለ ነጠላ ጥይት ጎራሽ ሽጉጥ ነው። በርሜሉ 10.75 ኢንች፣ ማለትም 27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። መጀመሪያ የታሰበለት .222 ሬሚንግተን የሚባለው የጠመንጃ ጥይት ነበር፤ ጩኸቱና እሳቱ ግን ለሽጉጥ በዛ። መሐንዲሶቹ ባሩድ በመቀየር አልቆሙም፤ ቀለሁን ራሱን ከ1.7 ኢንች ወደ 1.4 ኢንች አሳጠሩትና .221 ፋየርቦል ተወለደ።

ይህ ለምን እንደሠራ በግርድፍ ስሌት ማየት ይቻላል። ጋዙ አረሩ ሲወጣ የደረሰበትን ጠቅላላ ስፋት፣ የቀለሁንና የበርሜሉን ባዶ ሆድ ደምሮ፣ ለቀለሁ ስፋት ማካፈል ነው። በ61 ሳንቲ ሜትር በርሜል .223 ሬሚንግተን የሚባለው የጠመንጃ ጥይት 8.5 አካባቢ ይወጣል፤ ጋዙ ስምንት እጥፍ ተኩል ሰፍቶ ጉልበቱን አራግፏል ማለት ነው። ያው ጥይት በ25 ሳንቲ ሜትር ሽጉጥ 3.8 ብቻ ነው። በኤክስፒ-100 በርሜል .222 ቢጎርስ 4.3 ገደማ ሲሆን፣ አጭሩ ፋየርቦል 5.3 ይደርሳል። በርሜሉን ማስረዘም አልቻሉም፤ ስለዚህ ሌላኛውን የስሌት ጎን፣ ቀለሁን፣ አሳነሱት። አጭር በርሜል አቤቱታ ካለው አቤቱታው በቀለሁ ላይ እንጂ በባሩዱ ላይ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የቶምሰን ሴንተር ኮንቴንደር በርሜሉ የሚቀያየር ሽጉጥ ስለሆነ በዚያው መንገድ ሰዎች ብዙ ሞከሩ። የ.30-30 ቀለህ አሳጥረው .30 ኸሬት አወጡ፤ የ.223ን አንገት አስፍተው 7 ሚሊ ሜትር አረር አስቀመጡበት። የሁለተኛው ብልሃት የቀለሁን ሆድ ሳይነካ በርሜሉን ማስፋት ነው፤ ሰፊ በርሜል በአንድ ሳንቲ ሜትር ጉዞ ብዙ ቦታ ይከፍታል፣ ስሌቱም ይሻላል። የብረት ምስል ዒላማ ተኳሾች እነዚህን የወደዷቸው 200 ሜትር ላይ የቆመውን የአውራ በግ ምስል መምታት ብቻ ሳይሆን መጣልም ስላለባቸው ነው።

ታዲያ የቱ ባሩድ?

ምርጫው የሚጀምረው ከመሣሪያው ብረት ነው። ኮንቴንደር እንደ .308 ያለ ትልቅ ጥይት እንዲሸከም አልተሠራም፤ በርሜሉ ቢገባለት እንኳ የመሣሪያው አካል ይለጠጣል። መሣሪያው የሚችለው ግፊት ከታወቀ በኋላ አረሩ ይመረጣል፣ ከዚያ የባሩዱ ሰንጠረዥ ይከፈታል። ለዚያ ጥይትና ለዚያ የአረር ክብደት ከፍተኛ ፍጥነት የሚሰጡት ሦስት አራት ባሩዶች የቱ ላይ እንዳሉ ይታያል። ከዚያ ዝርዝር አናት ላይ ካለው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ወደ ፈጣኑ ወረድ ማለት ለሽጉጥ የሚበጅ ይመስለኛል። አራት አምስት ደረጃ ወርዶ የሽጉጥ ባሩድ መሙላት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

በምሳሌ ለማየት፣ .223 በረጅም ጠመንጃ ላይ ኤች 335 ወይም ቫርጌት የሚባል ባሩድ በብዛት ይሞላል። በ25 ሳንቲ ሜትር ሽጉጥ ላይ ኤች 322፣ ኤች 4198 ወይም ሪሎደር 7 ብዙ ሰው የሚመርጣቸው ናቸው። ለትንሹ ፋየርቦል አይኤምአር 4227፣ ኤች 4198ና ሊል ጋን ይስማሙታል። .308 በ35 ሳንቲ ሜትር በርሜል ላይ ግን ሰው እንደሚገምተው ወደ ፈጣን ባሩድ መሮጥ አያስፈልገውም፤ ቫርጌትና ኤች 4895 እዚያም ይሠራሉ። እኛ አገር ስሙ የታወቀው ካርባይን የሚተኩሰው .30 ጥይት ነገሩን ይበልጥ ያሳያል። ኤች 110 የሚባለው ባሩድ መነሻው ለዚያ ጥይት ነው። ያው ጥይት 19 ሳንቲ ሜትር በርሜል ባለው ሪቮልቨር ሲተኮስ ከጩኸቱ የተነሳ አጠገብ የቆመ ሰው ይሸሻል። 2400 የሚባለው ባሩድ ትንሽ ፍጥነት ያስቀራል፣ ግን ተኳሹን ያሳርፋል።

ቀለሁ ምን ያህል ሞላ የሚለውም ከፍጥነቱ እኩል ይታያል። ከ85 እስከ 100 በመቶ የሚሞላው ባሩድ ይመረጣል። ጎድሎ የሚቀር ባሩድ መሣሪያው ወደ ላይ ሲያዘነብል ወደ ኋላ፣ ወደ ታች ሲያዘነብል ወደ አረሩ ይሸሻል፤ መለኮሻዋ አንዴ ክምሩን፣ አንዴ ባዶ አየር ታገኛለች። ፍጥነቱ ከጥይት ጥይት ይዋዥቃል። ሞልቶ የሚቀመጥ ባሩድ ሌላም ጥቅም አለው፦ በስህተት ሁለቴ ቢጨመር ይፈስሳል፣ ዓይን ያየዋል።

ከዚያ፣ ኋላ ከምጠቅሳቸው እንደ ኤች 110 ካሉት በስተቀር፣ በሰንጠረዡ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን 10 በመቶ ቀንሶ መጀመር፣ እያንዳንዱን በሚዛን መዝኖ በጥቂት በጥቂቱ መውጣት፣ በየደረጃው ፍጥነት በመለኪያ ማየት ነው። በአጭር በርሜል ቁጥሩ ከሰንጠረዡ ያነሰ ይሆናል፤ ሰንጠረዡ የተለካው ብዙ ጊዜ በረጅም በርሜል ስለሆነ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የጎደለውን ፍጥነት ባሩድ ጨምሮ ለማሟላት ይሞክራል። ግፊቱ ግን አልጎደለም፤ ጫፉ እንዳለ ነው፣ የጎደለው መንገድ ነው። በዚህ ስሌት የጨመረ ሰው ከጣሪያው በላይ የወጣውን ግፊት ፊቱ አጠገብ ያፈነዳዋል።

የሚበላሸው

ከሁሉ የሚያሰጋኝ የሽጉጥ ባሩድ በጠመንጃ ቀለህ ውስጥ ነው። «አጭር በርሜል፣ ፈጣን ባሩድ» የሚለውን ቃል በቃል የወሰደ ሰው የሚደርሰው እዚያ ነው። በጣም ፈጣን ባሩድ በትልቅ ቀለህ ውስጥ ጥቂት ብቻ ስለሚሰፈር የቀለሁን ታች እንኳ አይሸፍንም። እጥፍ ቢገባ አይታይም፣ ሦስት እጥፍ ቢገባም ቀለሁ አይሞላም። የዚያ ግፊት ለብረቱ አይቻልም።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ኤች 110ን የመሰሉ ባሩዶች በጣም ተቀንሰው መሞላት አይወዱም፤ አምራቹ ከተጻፈው ከ3 በመቶ በላይ አትቀንሱ ይላል። ሲቀነስ እሳቱ ይንተፋተፋል፣ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። ከኋላው ሌላ ጥይት የተተኮሰ እንደሆነ በርሜሉ ይፈነዳል። ለዚህ ዓይነት ባሩድ ጠንካራ መለኮሻ፣ አረሩን ጭምቅ አድርጎ የሚይዝ የቀለህ አንገት ያስፈልጋል፤ እሳቱ ግፊት ሳያገኝ አረሩ ከወጣ ባሩዱ ተስፋ ይቆርጣል።

መለኮሻን በተመለከተ፣ የትንሹ ሽጉጥና የትንሹ ጠመንጃ መለኮሻ በመጠን እኩል ስለሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። መግባቱ ማሳሳቻ ነው። የሽጉጧ ቆርቆሮ ቀጭን ናት፤ በጠመንጃ ግፊት ትበሳና ትኩስ ጋዝ ወደ ኋላ ይመለሳል። መሣሪያው ሽጉጥ ቢሆንም ጥይቱ የጠመንጃ ከሆነ መለኮሻው የጠመንጃ ነው።

የመለኮሻ መጠፍጠፍንና የቀለህ አልወጣም ማለትን የግፊት ምልክት አድርጎ መጠበቅም አያዋጣም። ሁለቱም የሚታዩት ብዙ ጊዜ ጣሪያው ካለፈ በኋላ ነው።

ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት

ሳልጠቅሰው ማለፍ ያልፈለግሁት የአየሩ ነገር ነው፤ ለእኛ ሰው ቶሎ የሚገባ ስለሆነ። ባሩድ ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲበርድ ያዘግማል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ በታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ይቀመጣል። ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሸዋ ሮቢት ደርሶ በርኖሱን ያወልቃል። በዚህ ልዩነት መካከል አንድ ጥይት አንድ አይሆንም። ብርድ ላይ ጣሪያው ድረስ የተሞላ ጥይት ቆላ ወርዶ ፀሐይ የመታው እንደሆነ ከጣሪያው ያልፋል። ስለዚህ መጠን የሚወሰነው በሞቃቱ ቀን ተሞክሮ ነው፤ በብርዱ የሚጎድለውን ጥቂት ፍጥነት ተቀብሎ ማለፍ ይሻላል። ቫርጌት፣ ኤች 322፣ ኤች 4198ና ኤች 4895 ሙቀትና ብርድ ብዙ እንዳይለዋውጣቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ እንደ ኤች 335 ያሉት ድቡልቡል ፍሬዎች ግን የበለጠ ይለዋወጣሉ። ሁለቱ በፍጥነት ተቀራራቢ ሆነው ሲገኙ የመጀመሪያዎቹን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ከለቅሶው ወዲህ ጋሼን አላገኘኋቸውም። ሳገኛቸው የምነግራቸው አለኝ። ያዩት ክንድ የሚያህል ነበልባል ያልነደደ ባሩድ ሳይሆን ከባሩዱ ቃጠሎ የወጣ፣ ገና ሳይበርድ ከአየር ተገናኝቶ ዳግም የተቀጣጠለ ጋዝ ነበር። ጠመንጃውን የቆረጠው ሰው ባሩዱን አላስቸገረም፤ ጋዙ የሚበርድበትን መንገድ ነው የወሰደበት።